ስሜ ላይ ተጽፎ የኖረው ሕመም

ሃያ ዓመት ሙሉ ሚስቶቼን ወደ ሐኪም ቤት እያስገባሁ፣ እኔ ከአጥር ጥግ ቆሜ የጠበቅሁ ሰው ነኝ። በሽተኛው እኔ ነበርሁ።

እጄ ሲጽፍ እንደ አፌ አይሮጥም። ፊደል የቆጠርሁት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከማዳበሪያ ደረሰኝና ከእድር መዝገብ ሌላ ያነበብሁት የለም። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት «አባባ፣ ለእኔ የነገሩኝን ይጻፉት፤ ስንት ቤት ውስጥ ይኸው ነገር አለ» ብላ ደብተር የሰጠችኝ። መጀመሪያ እምቢ አልኋት። እምቢ ማለት የቆየ ጠባዬ ነው፤ ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ በዚያ ጠባይ የመጣ ነው። የምጽፍበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን በቦታው እናገራለሁ።

የመጀመሪያ ሚስቴ የሻረግ ትባላለች። ስሟን እንድጽፍ ራሷ ፈቅዳልኛለች። መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ ከውትድርና ተመልሼ ነው ያገባኋት። የእሷ አገር ከቡሬ ወዲህ ነው፤ የእኔ ከፍኖተ ሰላም በእግር ሁለት ሰዓት። ጋብቻው ሲታሰብ ሽማግሌ ተቀምጦ አጥንት ቆጠረ። በእናትም በአባትም እስከ ሰባት ቤት፤ ማን ከማን ተወለደ፣ የት ኖረ፣ የት ተቀበረ። በእኛ አገር ይህ ሳይሆን ድግስ አይደገስም። አጎቴ ቆጥሮ ሲጨርስ «ዝምድና የለም፣ ንጹሕ ነው» አለና መረቀን። ንጹሕ የምትለዋን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

በዓመቱ የሻረግ አረገዘች። እናቷ ደስ ብሏት የፍየል ቆዳ አስለፍታ፣ ዳር ዳሩን በዛጎል አስጊጣ አንቀልባ ላከችልን። ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። ሦስተኛ ወሯ ላይ በርበሬ ስናርም ወገቧን ያዘች። «ቆረጠኝ» አለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወረደ።

«ገና ልጅ ናት፣ ትደግማለች» አለች እናቴ።

ደገመች። ያም በሦስት ወሩ ወረደ። ሦስተኛው አራት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። አራተኛውን እንዳረገዘች እንኳ ለሰው አልተናገርንም፤ እሱም ሄደ። ከዚያ በኋላ ነው ያ ቃል ቤታችን የገባው፤ ሾተላይ። ለማታውቁት፣ ሾተላይ የሚሉት ሴት ላይ አድሮ ፅንስ የሚያስወርድ፣ ልጅ የማያስቆይ ክፉ መንፈስ ነው። ሾተላይ አለባት የተባለች ሴት እርጉዝ ካለችበት ቤት አትገባም። የሻረግን የወለደች ሴት ገንፎ ላይ መጥራት ተዉ። ውሃ ስትወርድ አብራት የምትወርድ ጠፋች። አንዲት ጎረቤታችን ሆዷ የገፋ ጊዜ የሻረግን ከሩቅ ስታይ መንገድ ቀይራ በእርሻ መካከል ስትሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ቀን የሻረግ ቤት ገብታ እንስራዋን አስቀምጣ ተቀመጠች።

ጠበል ሄደች። ደብተራ ክታብ ጻፈላት። አንድ ቀን ደግሞ «ምትኩ፣ ሁለታችንም ፍኖተ ሰላም ሄደን እንታይ» አለችኝ።

«እኔ ምን ሆኜ?» አልኋት።

«ልጁ የሁለታችን አይዶለም?»

«አርሼ አደርኩ፣ አሞኝ አያውቅም። የሚወርድ ካንቺ ነው። አንቺ ሂጂ።»

ሄደች። ደሟን መርምረው፣ በሐኪም ቤት ቋንቋ ሾተላይ የሚባለው የባልና የሚስት ደም አለመጣጣም ነው፣ የእሷ ደም ግን እዚያ ውስጥ የሚገባ አይደለም ብለው ወረቀት ሰጧት። ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ መንገዱን እየሮጠች ነው የመጣችው። «ሾተላይ የለብኝም፣ ይኸው ተጽፏል» አለች። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ ካገባኋት ወዲህ አላየሁም ነበር።

«ወረቀት ልጅ ይወልዳል?» አልኋት። ይህን ያልሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አላለውም።

እናቴ ቀን ከሌት ጆሮዬ ላይ ነበረች። «ይህችን ልጅ ላገሯ ስጣት። ቤትህ ባዶ ሊቀር ነው።»

«እናቴ፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ቤት ትይዛለች፤ ምን አጠፋች?»

«ምን አጠፋች?» አለችና አራት ጣቷን ዘርግታ አሳየችኝ።

ሽማግሌ ተሰበሰበ። እህሉም ከብቱም ለሁለት ተከፈለ። ሁሉም ካለቀ በኋላ አንዱ ሽማግሌ ቀና ሲሉ አንቀልባው ግድግዳ ላይ ነው። «ይህስ ለማን ይሁን?» አሉ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። የሻረግ ተነሥታ አወረደችው።

«ይህማ የእኔ ነው» አለች። «እሱ ምን ሊያዝልበት?»

እንዲህ ብላ ሄደች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሽንዲ በሚባል አገር አግብታ ወንድ ልጅ መገላገሏን ገበያ ላይ ሰማሁ። ስሙን ይታየው አለችው። የነገረኝ ሰው እየሳቀ «ምትኩ፣ ለማን ይሆን የሚታየው?» አለኝ። ገብቶኛል። ግን «ጠበሉ ቆይቶ ሠርቶላታል» ብዬ አለፍሁ። እኔ ላይ የሚመጣ ነገር መኖሩ ጭራሽ አልታየኝም።

ሁለተኛ ያገባኋት ስመኝን ነው፤ አገሯ ወደ ፈረስ ቤት፣ ደጋ ነው። ዛሬም ያለችው እሷ ናት። አሁንም ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ አሁንም ንጹሕ ተባለ። ስመኝ ባረገዘች በሦስተኛው ወር፣ ጠዋት እያለበች ሳለ ድንገት ጎንበስ ብላ ወገቧን ያዘች። ያን አያያዝ አውቀዋለሁ። ከበረቱ ወጥቼ አጥሩን ይዤ ቆምሁ። እንድትጠራኝ አልፈልግም ነበር። ጠራችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃት ቤታችን ገባ። ደግማ ስታረግዝ ዓይኔን ከእሷ ላይ ማንሣት አቃተኝ። እርሻ ላይ ሆኜ አንገቴ ወደ ቤት ነው። ስታስነጥስ ልቤ ይወርዳል። ጎንበስ ካለች ሞፈሬን ትቼ እመጣለሁ። «ምን ሆንህ? ጫማዬን ላሥር ነው» ትለኛለች። ወር ሲያልቅ ደስ አይለኝም፤ የሚቀጥለው ወር ይመጣልና። ያም ወረደ። ከዚያ ሁለት ሦስት ዓመት ሳታረግዝ ቆየች፤ ስታረግዝም እንደዚያው ሆነ።

በዚህ መካከል ያልረገጥነው ሐኪም ቤት የለም። አንዱ ጋ ቂጥኝ ሊሆን ይችላል ብለው መርፌ ወጓት፤ በኋላ ሲመረመር አልነበረባትም። ቡሬ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ «ማህፀኗ ደካማ ነው» ብሎ ለወራት እንክብል አስዋጣት። ሌላው ጋ የማህፀኗ አፍ ላልቷል ተባለና፣ በሦስተኛው እርግዝና በክር ሰፉላትና ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዙ። እግሯን በእህል ጆንያ ላይ ከፍ አድርጌ አስተኛኋት። ገንፎ ያገነፋሁት ያኔ ነው። ጓጉሎ ድንጋይ ሆነ። ጎረቤቶቼ በአጥር ላይ «አያ ምትኩ፣ መቼ ነው ለእኛ የምትጋግርልን?» ይሉኛል። ስመኝ ያን ገንፎ በማንኪያ መታ መታ አደረገችውና «ይህንስ በመጥረቢያ ነው» ብላ ሳቀች። ሳቋን በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ በሳምንቱ ክሩ እንደተሰፋ ወረደ።

ከአጥሩ ሆኜ የማየው የመጠበቂያው አግዳሚ ነገር ሳይነገር አይቅር። እርጉዞችም፣ የወረደባቸውም፣ የወለዱም አንድ አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጡት። ስመኝ ጫፉ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አንድ ቀን አጠገቧ የነበረች፣ ሆዷ የገፋ የሽንዲ ሴት ምንም ሳትጠይቃት ከመቀነቷ ሽምብራ አውጥታ እጇ ላይ አፈሰሰችላት። እርጉዝ ሴት አልሸሸቻትም። ስመኝ ያን ሽምብራ አልበላችውም፤ እስከ ቤት ይዛው መጣች።

ከአራተኛው በኋላ ባሕር ዳር ድረስ ላኩን። በር ላይ ስንደርስ እንደ ልማዴ «ግቢ፣ እዚህ እጠብቅሻለሁ» አልሁ። ስመኝ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ዛሬ አንተ ካልገባህ እኔም አልገባም።»

«ተነሽ፣ ሰው እያየ ነው።»

«ሰው ይይ። እምቢ ማለትን ካንተ ተምሬያለሁ።»

ዘበኛው ሳይቀር ቆሞ አየን። ገባሁ።

ሐኪሟ መነጽር ያደረገች፣ የእኔ ልጅ ልትሆን የምትችል ሴት ናት። የስመኝን ወረቀቶች ሁሉ አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ወረቀቱን ገፋ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«የእርስዎ ስም ማን ነው?»

«ምትኩ።»

«ወንድም፣ እኅት አለዎት?»

«ሁለት። ካሳና ማስረሻ።»

ስትጽፍ ቆየችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ» ብላ ቀስ አድርጋ ለራሷ ደገመችው። «የማን ምትክ ነዎት?»

«እንዴት?»

«ምትኩ ሲሉዎት፣ በማን ምትክ ነው? ወንድምዎ የምን ካሳ ነው? እኅትዎስ ምኑን ልታስረሳ ተወለደች?»

ወደ ሃምሳ ዓመት በዚህ ስም ስጠራ ኖሬ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። እንደ ማንም ሰው ስም ነው። የልጅ ሐዘን ያየ ቤት ለሚቀጥለው ልጅ እንደዚህ ያለ ስም እንደሚያወጣ አገሬው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ የራሴን ግን አንብቤው አላውቅም።

«እናትዎ አሉ?» አለች።

«አሉ።»

«እስቲ ሄደው ይጠይቋቸው። ነገሩ በዘር የመጣ ሊሆን ይችላል።»

በዘር ስትል ብድግ አልሁ። በእኛ አገር «ዘሩ» ከተባለ የሚከተለው ስድብ ነው። «ስሚኝ ልጄ፣ በእኔ ወገን ቡዳ የለም፤ ቁምጥና የለም። ሁለት ጊዜ ሰባት ቤት ተቆጥሮልኛል። ዘሬን አትንኪ።»

ሐኪሟ ልትመልስ ስትል ስመኝ ቀደመቻት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ተቀመጥ ምትኩ። አልሰደበችህም። እኔን ሾተላይ ሲሉኝ እንዲህ ብድግ ብለህልኝ ታውቃለህ?»

ተቀመጥሁ።

እናቴን የጠየቅኋት በማግሥቱ፣ ከጓሯችን ብሳና ሥር ጥጥ እየፈተለች ሳለ ነው። «እናቴ፣ የማን ምትክ ነኝ?» አልኋት። እንዝርቷን አቆመች።

«ማን ጠይቆኝ ያውቃል?» አለች። «ካንተ በፊት ሦስት። ከካሳ በፊት ሁለት። ከማስረሻ በፊት ሦስት።» በጣቶቿ ነበር የምትቆጥር፤ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ተሻገረች። «ሁሉም እዚህ ሥር ናቸው» ብላ የብሳናውን ግንድ በመዳፏ ነካችው። በልጅነቴ በዚያ ዛፍ ላይ ስወጣ እንዴት ትቆጣኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

«ታዲያ የሻረግን ስታስወጭኝ ይህን አላሰብሽም?»

«እኔንም ሾተላይ ብለውኝ ነበር። በጠበል ለቀቀኝ። እሷን ደግሞ ሌላ መስሎኝ።» ይህን ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኅቴ ማስረሻም ከሦስት ልጆቿ በፊት ሁለት ወርዶባት እንደነበር ከዚያ በኋላ ነው የሰማሁት። ለወንድ አይነገርም ብለው ደብቀውኝ ኖረዋል።

ደም ሰጠን፤ ስመኝም እኔም። ምርመራው እዚህ ስለማይሠራ ደሙ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ውጭ አገር ይላካል አሉን። ለዚያ በሬ ሸጥሁ። ከዚያ መጠበቅ። የጤፍ አረም አለቀ፣ አጨዳ ደረሰ፣ ወረቀቱ አልመጣም። ስሄድ «ገና ነው» ይሉኛል። እውነቱን ልናገርና፣ በእነዚያ ወራት ስጸልይ የነበረው ጥፋቱ ከስመኝ እንዲሆን ነው። እንዲህ ብሎ የሚጸልይ ባል አለ። ነበርሁ።

ወረቀቱ መጣ። የስመኝ ደህና ነው። የእኔ አይደለም።

ሐኪሟ ስሙን ጽፋ ሰጠችኝ፤ ክሮሞዞም። «በሰው ገላ ውስጥ ሃያ ሦስት ጥንድ አለ» አለችኝ።

«ጥማድ ማለትሽ ነው?»

«ጥማድ ይበሉት። ከእርስዎ ጥማዶች ውስጥ፣ ከሁለቱ አንድ አንዱ ጫፉ ተቆርጦ ተለዋውጧል።»

አሰብሁበት። «የቀዩ በሬ ጅራት ጥቁሩ ላይ፣ የጥቁሩ ደግሞ ቀዩ ላይ?»

ሳቀች። «ልክ እንደዚያ።»

«ታዲያ ምን ጎደለ?»

«እርስዎ ላይ ምንም አልጎደለም፤ ሙሉ ነዎት። ስለዚህ ነው ያልታመሙት። ለልጅ ሲያካፍሉ ግን ከየጥማዱ አንድ አንድ ነው የሚሰጡት።»

ያኔ ታየኝ። ከቀዮቹ ጥማድ ጥቁር ጅራት ያለውን ሰጥቼ፣ ከጥቁሮቹ ደግሞ ያልተነካውን ብሰጥ፣ ልጄ ሁለት ጥቁር ጅራት ይደርሰዋል፤ ቀይ ጅራት የለውም። እንዲህ ያለው ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ አይቆይም፤ ገና በጥዋቱ ይወርዳል አለችኝ። ያልተነኩት አብረው ከሄዱ፣ ወይም የተለዋወጡት ሁለቱም አብረው ከሄዱ ግን ልጁ ይወለዳል። በእያንዳንዱ እርግዝና እንደ አዲስ ዕጣ ነው።

«መድኃኒቱስ?»

«መድኃኒት የለውም። ከጅምሩ ክትትል ይደረጋል። የማንም ጥፋት እንዳልሆነ ግን ይወቁ፤ የእርስዎም አይደለም።»

የእኔ ጥፋት አይደለም ያለችውን ግማሹን ተቀብያለሁ። ጅራቱን የቀየርሁት እኔ አይደለሁም። የሻረግን ያስወጣሁት ግን እኔ ነኝ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ስመኝ እስከ መንገዱ አጋማሽ ድረስ በመስኮት ስታይ ቆየች። ከዚያ ዞር ብላ ድምፅዋን ሳትቀንስ «ለካ ሾተላዩ አንተ ነህ» አለችኝ። ከፊት የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ዘወር ብለው አዩኝ። ስመኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሳቁ ወዲያው ልቅሶ ሆነ።

በዓመቱ አረገዘች። ሦስተኛው ወር ላይ ሳለን አላርስም፣ አልበላም፤ ውሻ ሲጮህ እንኳ የሷ ድምፅ ይመስለኛል። አንድ ጠዋት ስመኝ ተቆጣች። «እኔን ስትጠብቅ አትዋል። ይህ ልጅ ቢቆይም ባይቆይም ሄደህ ለየሻረግ ንገራት።»

ሽንዲ ደረስሁ። የሻረግ ደጃፏ ላይ ሰሌን ዘርግታ የበርበሬ ዘንግ ትቀነጥሳለች። ጠጉሯ ሸብቷል። ቀና ብላ አየችኝ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ እዚህ ድረስ ምን አመጣህ?»

በርበሬዋን ይዛ አስገባችኝ፤ ጓዳው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። መንገድ ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ጠፋኝ። «ሾተላዩ እኔ ነበርሁ» አልሁ። ደሙን፣ ወረቀቱን፣ የእናቴን ስምንት ጣት ነገርኋት። አላቋረጠችኝም። በርበሬውን መቀንጠስም አላቆመችም።

«ይታየው» ብላ ወደ ውጭ ተጣራች። «ለእንግዳው ውሃ አምጣለት።»

ረጅም ልጅ ነው። ውሃውን በሁለት እጁ ሰጥቶኝ ወጣ።

«ስሙን ያወጣሁት ላንተ ነበር» አለች እሱ ከራቀ በኋላ። «ትሰማለህ፣ ይታይሃል ብዬ። ዐሥር ዓመት ሲሞላው ተውሁት። ስሙ የልጁ ሆነ።»

«አሁን ታይቶኛል።»

«ምትኩ፣ እኔን ሾተላይ ያላችሁኝ በአደባባይ ነው። ይህን ግን ጓዳ ገብተህ ነው የምትነግረኝ።»

ውሃውን ጠጥቼ ወጣሁ። እስከ ቤቴ ድረስ ያን ቃል ተሸክሜ ሄድሁ።

የሚቀጥለው እሑድ ሰንበቴ ላይ፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ተነሣሁ። ውትድርና ላይ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም። «የሻረግ ሾተላይ አልነበረባትም። ስመኝም የለባትም። ፅንሱ የወረደው በእኔ ነው፤ በሐኪም ወረቀት ተረጋግጧል» አልሁ።

«አያ ምትኩ፣ ጠላው ከበደህ እንዴ?» አለ አንዱ። ሳቁ።

«ገና አልጠጣሁም» አልሁ። እንዲያውም ዋንጫዬ ሙሉ ነበር፤ አንሥቼ አሳየኋቸው። ሳቁ ቆመ።

ወደ ቤቴ ስሄድ ከኋላዬ አንድ ሰው እየተከተለ መጣ። ስሙን አልጽፍም። አንድ እርሻ ያህል አብሮኝ ከሄደ በኋላ «ያ ሐኪም ቤት በየት በኩል ነው?» አለኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው፤ የሻረግ የፈለገችው በአደባባይ እንድናገር ነው፤ ሰንበቴው አንድ ደብር ነው፣ ወረቀት ደግሞ ርቆ ይሄዳል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ከገበያ የተመለሰ ሰው አንድ የተጠቀለለ ነገር አደረሰልኝ። ስፈታው አንቀልባው ነው። ዛጎሉ ግማሹ ረግፏል፤ ቆዳው ከብዙ ጀርባ ለስልሷል። «አራት ልጅ አዝዬበታለሁ በልልኝ» ብላ ነበር የላከችው። ስመኝ ልጁ ሳይወለድ ቤት አይገባም አለች። ፈራች። እኔም ፈራሁ። ጎረቤት ዘንድ አስቀመጥነው።

አራተኛው ወር አለፈ። አምስተኛው ረግጠነው የማናውቀው አገር ነበር። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቀን በእግር ጣታችን ነው የተራመድነው። ስድስት ላይ ሆዷ ሲገለባበጥ እጄን ወስዳ አስቀመጠችው፤ እጄን ነጠቅሁ፣ የሚሰበር መስሎኝ። የመውለጃዋ ወር ሲገባ ፍኖተ ሰላም ወስጄ ዘመድ ቤት አስቀመጥኋት፤ ምጥ ሲይዛት ወደ ሆስፒታል። በር ላይ ስደርስ እግሬ እንደ ድሮው ወደ አጥሩ ሊሄድ ነበር። ያዝሁት። ውስጥ ገብቼ አግዳሚው ላይ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥሁ። አንዷ «አባባ፣ ልጅዎ ናት የምትወልድ?» አለችኝ። «ሚስቴ ናት» ስል ፈገግ አለችና ቦታ ለቀቀችልኝ።

በመጨረሻ የሰማሁት ጩኸት የስመኝ አልነበረም፤ የሕፃን ነበር።

ሴት ናት። ክርስትና ስትነሣ እናቴ «ካሳነሽ በሏት» አለች። ሌላው ምትኬ፣ ሌላው ማስረሻ አለ። እምቢ አልሁ። በዕድሜዬ ከእምቢታዎቼ ሁሉ የማልጸጸትበት ያ አንዱ ነው። እሷ የማንም ምትክ አይደለችም። ሙሉ አልናት።

ሙሉ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ናት። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ፊደሌን ታርማለች፤ የምጽፈውንም ታውቀዋለች፣ አልደበቅኋትም። የተለዋወጡት ሁለቱ ጅራቶች አብረው ለእሷ ሄደው እንደሆነ፣ ወይም ያልተነኩት ደርሰዋት እንደሆነ ገና አልተመረመረም። ሐኪሟ፣ ሙሉ ስታድግ ራሷ ፈቅዳ ነው የምትመረመር ብላለች። እኔ ግን ስታሳል፣ ወገቧን ስትይዝ፣ ገና በዚህ ዕድሜዋ ልቤ ይወርዳል። ይህ ፍርሃት ከእኔ ጋር ይቀበራል መሰለኝ። ሁለት ሦስት ጊዜ የወረደባችሁ ሰዎች፣ ባልም ሚስትም አብራችሁ ግቡ፤ ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ እናቶቻችሁን ጠይቁ። ሳይጠየቁ አይናገሩም።

አንድ ቀን ለሙሉ ሽማግሌ ይላካል። በደጄ ተቀምጠው አጥንት ይቆጥራሉ፤ በእናት ሰባት፣ በአባት ሰባት። ጨርሰው ንጹሕ ነው ሊሉ ሲሉ፣ በሕይወት ካለሁ፣ «ቆዩ» እላቸዋለሁ። «የቆጠራችሁት የተወለዱትን ነው። አሁን ደግሞ የወረዱትን እንቁጠር።» ከዚያ ከብሳናው ሥር እጀምርላቸዋለሁ።